ይቺን ሚጢጢ ሸረሪት የሚያውቃት አለ? (ከደሴ፣ ፎቶ አለው)

ጥያቄዬ አጭር ነበር። ቤቴ ደሴ ነው፤ በኖራ የተቀባ ጭቃ ቤት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ገለጥ ብሎ ፀሐይ መስኮቱን ስታገኘው አንዲት ሸረሪት ደፉ ላይ ትወጣለች። ከምስር ትበልጣለች፣ ከባቄላ ታንሳለች። ድር የላትም። ጣቴን ሳስጠጋላት አትሸሽም፣ ዞር ብላ ታየኛለች። እውነቴን ነው፣ ታየኛለች። ከዚያ ድንገት ትስፈነጠርና ሌላ ቦታ ናት። ግራጫ ነገር ናት፣ ጀርባዋ ላይ መስመር አላት። በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አያይዤ ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ምንድን ናት? ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ልጅ አለና ታሰጋለች ወይ? ፎቶውስ ለምን ጭጋግ ሆነብኝ?

እዚሁ መድረክ ላይ ከጥያቄዬ ሥር 36 መልስ ያለው ክር ተዘረጋ፣ የራሴንም መልሶች ጨምሮ። ዘግይታችሁ ለገባችሁና ሁሉንም ማንበብ ለታከታችሁ እኔው ልንገራችሁ። አንዳንዱን ዘልያለሁ። ስድብ ደግሜ አልጽፍም።

1ኛው መልስ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሳልውል ሳላድር እንድገድላት የሚያዝ ነው። ሸረሪት ሰው ላይ ከሸናች አልማዝ ባለጭራ ታወጣለች፣ አክስቱን ወገባቸው ላይ ያቃጠለቻቸው እሷ ናት ባይ ነው። እስካሁን ከሁሉም በላይ ላይክ ያለው ይኼ መልስ ነው፣ ልብ በሉ።

2ኛዋ ኮምቦልቻ የምትሠራ ነርስ ናት። በትሕትና ነው የመለሰችለት፣ መጀመሪያ አክስቱን እግዜር ይማራቸው ብላ። አልማዝ ባለጭራ ከሸረሪት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በልጅነት ጉድፍ ወይም ቺክን ፖክስ የያዘው ሰው ከዳነ በኋላም ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰውነት ሲደክም፣ ይነሳል። አንድ ነርቭ ተከትሎ ስለሚወጣ ነው በአንድ ጎን ብቻ እንደ ጭራ የሚዘረጋው። ሸረሪትም እንደ ከብት አትሸናም፤ ከእሷ የሚወጣው ነጣ ያለ ጠብታ ነው። ነርሷን ያሳሰባት ሌላ ነበር። መድኃኒቱ ጥሩ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከተጀመረ ነው። ሰዉ ግን ሸረሪት ሲያሳድድ ቀኑ ያልፍበታል።

3ኛው ቀልደኛ ነው። ፎቶዬን የገብስ ቆሎ መስሎት ሊያነሳው እንደነበር ጻፈ። ተናደድኩ። ግን ፎቶው እውነትም ቆሎ ይመስል ነበር።

4ኛው የጡረታ መምህር ናቸው፣ ወልዲያ ላይ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩ። ለእኔ ክሩ ማለት እሳቸው ናቸው። ቀለሟን ከመጠየቃችሁ በፊት ዐይኗን ቁጠሩ አሉ። ቀለም ያሳስታል፤ የአንድ ዓይነት ሸረሪት ወንድና ሴት እንኳ ፈጽሞ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ዐይን ግን ቤተሰቡን ይናገራል። አብዛኞቹ ሸረሪቶች 8 ዐይን አላቸው፣ 6 ብቻ ያላቸውም አሉ፤ ቁም ነገሩ አደራደሩ ነው። ከፊት ሁለት ትልልቅ፣ እንደ መኪና መብራት የተገተሩ ከሆኑ ዘላዮቹ ናቸው፣ ሳልቲሲዴ የሚባለው ቤተሰብ። በዓለም ላይ ከታወቁት ከ50,000 በላይ የሸረሪት ዓይነቶች ከ6,000 በላዩ እነሱ ናቸው፤ ከሸረሪት ቤተሰቦች ሁሉ ትልቁ። ከታች አራት ትናንሽ በአንድ ረድፍ፣ ከላያቸው ሁለት ትልልቅ፣ ከኋላ ሁለት ካሉ ደግሞ የተኩላ ሸረሪት የሚሏት ናት፣ መሬት ለመሬት የምትሮጠው።

መምህሩ ዞር ብላ ታየኛለች ያልኩትን አላሾፉበትም። ያ ራሱ ትልቅ ምልክት ነው አሉ። የዘላይ ሸረሪት የፊት ዐይኖች እንደ ረጅም ቱቦ ናቸው። ሌንሱ ከላይ አይነቃነቅም፣ ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባዩ ሬቲና ግን ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለዚህ ተጠግቶ ላያት ዐይኗ አንዴ ጥቁር፣ አንዴ ማር ይመስላል። አዘላለሏም ሌላ ጉድ ነው። እግሯን የምትዘረጋው እንደኛ በጡንቻ አይደለም፣ በደሟ ግፊት ነው። የሞተች ሸረሪት እግሯን አጥፋ የምትገኘውም ግፊቱ ስለሚጠፋ ነው። ከመዝለሏ በፊት ደግሞ ክሯን ትለጥፋለች፤ ብትስት ተንጠልጥላ ትመለሳለች። እኔ ይኼን ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ትእዛዝ ሰጡ፦ ፊቷን አንስተህ አምጣ።

5ኛው እዚሁ ደሴ ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ ነው። ጭጋጉ የመጣው ከመጠን በላይ ስለተጠጋሁ እንደሆነ ነገረኝ። የስልክ ካሜራ ከተወሰነ ርቀት ወዲህ ፎከስ አያደርግም። ራቅ ብሎ አጥርቶ አንስቶ በኋላ መቁረጥ ይሻላል። የስልኩን ፍላሽ አጥፋ፣ ነጩን ያቃጥለዋል። በመስኮቱ ትይዩ ነጭ ወረቀት አቁም፣ ብርሃኑ በጥላው በኩልም ተመልሶ ይመታታል። ክርንህን ደፉ ላይ አስደግፍ፣ ትንፋሽህን ያዝ፣ ሠላሳ ፎቶ በተከታታይ ጠቅ ጠቅ አድርግ። ካሜራ ላላቸው ደግሞ ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን 18-55 ሌንስ ገልብጦ መግጠም አለ፤ የሚገጥም ቀለበት ይሸጣል። ሲገለበጥ ነገሩም ይገለበጣል፣ 18 ላይ ከ55 ይልቅ ያጎላል። ፎከሱ በእጅ መሆኑ ቀርቶ በወገብ ይሆናል፣ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ። በዚያ ርቀት ጥርት የሚለው ውፍረት የፀጉር ያህል ነውና ዐይኗን ምረጥ፣ እግሯ ይደብዝዝ። እጁ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ያስታውቃል።

6ኛው የሐይቅ ልጅ ነው፣ ቀለበትም ካሜራም የለውም። ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ያለችውን ሚጢጢ ሌንስ አውጥቶ፣ በጸጉር ማስያዣ ቆንጥጦ፣ ስልኩ ካሜራ ላይ በፕላስተር ይለጥፋታል። ያነሳትን የዝንብ ዐይን አያይዞ ነበር። ወንፊት የመሰለ ዐይን። ሰዉ ሁሉ ዝም አለ።

ዝምታው 7ኛው ላይ አለቀ። ሠርግ አንሺው ተመልሶ ዲቪዲው የልጆች መጫወቻ እንደሆነ፣ ዳርና ዳሩ እንደሚደበዝዝ፣ እንዲህ ያለ ምክር ሙያውን እንደሚያረክስ ጻፈ። 8ኛው ተነሳበት። ሁሉም ሰው የሠርግ ገንዘብ እንደሌለው፣ የአንድ ካሜራ ዋጋ የአንድ ሰው የዓመት ደሞዝ እንደሆነ አስታወሰው። የቀረውን እዘለዋለሁ። አድሚኑ 9ኛ ሆኖ ገብቶ ሁለቱንም አረጋጋ። ዳርና ዳሩ መደብዘዙ ግን እውነት ነው፤ ሸረሪቷ መሐል ላይ ከሆነች ምን ገዶን።

10ኛው እኔ ነኝ። የሰፈር ራዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄጄ የሞተ ዲቪዲ ለመንኩ፣ ሥራዬን ሲሰማ ስቆ በነፃ ሰጠኝ። ሦስት ቀን ደፉ ላይ ተደፋሁ። ከ140 ፎቶ ሦስት ተረፉ። ሦስተኛው ላይ ፊቷ አለ። አራት ዐይን ከፊት፣ ሁለቱ መሐለኞቹ ትልልቅ፣ ዙሪያቸው ነጭ ጸጉር። አስቀያሚ ብዬ ጠብቄ ነበር። የሽማግሌ ድመት ፊት ነው ያላት።

ዘላይ መሆኗ በዚህ ተቋጨ። ጠቡ የመጣው የትኛዋ ዘላይ የሚለው ላይ ነው። 11ኛው በልበ ሙሉነት ፕሌክሲፐስ ፔይኩሊ ብሎ ደመደመ፤ በሞቃት አገሮች በየቤቱ የሚገኝ ዘላይ ነው፣ ወንዱ ጥቁር ሆኖ መሐል ጀርባው ላይ ነጭ መስመር አለው። 12ኛዋ የለም አለች፣ ሜኔሜሩስ ናት፣ ግድግዳ ላይ የምትውለው ጠፍጠፍ ያለችው። በዚያ ወገን ቢቪታተስ የሚባለው ዓይነት ወንዱ ተቃራኒ ነው፤ ዳሩ ነጣ ያለ፣ መሐሉ ጥቁር። እንግዲህ የሜዳ አህያ ክርክር ተጀመረ። የእኔ የመጀመሪያ ፎቶ በፍላሽ ስለተቃጠለ መስመሩ የቱ፣ መደቡ የቱ እንደሆነ ለእኔም አይለይም።

13ኛው መምህሩ ናቸው። ያለ ፍላሽ፣ ጥላ ውስጥ፣ ከላይ ሌላ ፎቶ እንዳነሳ አዘዙኝ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይፈርድ። የ11ኛው ልጅ 14ኛ ሆኖ ተመልሶ መምህሩን አንተ እያለ ሞለጫቸው። ስልኩ ላይ ያለው አፕ ፕሌክሲፐስ ብሎታል፣ በዚህ ዘመን ደብተር ይዞ መከራከር ምን ይሉታል የሚል ነው ይዘቱ። 15ኛዋ አጸፋውን ሰጠችው። አፕ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይሰጥም። እሷ የምትጠቀምበት አይናቹራሊስት (ሰዎች የእንስሳና የዕፅዋት ፎቶ ጭነው ምንነቱን የሚለዩበት መድረክ) እንኳ ከአስተያየት ሰጪዎቹ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ካልተስማሙ አያጸድቅም። ፎቶው ከደበዘዘ ደግሞ አፑ የሚገምተው አብዝቶ ያየውን ነው። ጨምራም የሚያናግረው አባቱ የሚሆኑ ሰው እንደሆኑ ነገረችው።

16ኛ እኔ። ከላይ አነሳሁ፣ ደመና በሸፈነው ቀን። መሐሉ ጥቁር፣ ግራና ቀኙ አመድማ ነጭ።

17ኛው አጭር ነው። መምህሩ ሜኔሜሩስ አሉ፣ እዚያው እንቁም፣ ወደ ዓይነቱ ስም አንውረድ፤ በዚህ ወገን አፍሪካ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለ፣ ለመለየት ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል። ከዚያ አንድ መስመር ዝቅ ብለው፣ የፊቷን ፎቶ ድጋሚ እንዳይ ነገሩኝ። አፏ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት አጫጭር እግር መሰሎች ጫፋቸው እንደ ተጨበጠ ቡጢ አብጧል። ሴት ሸረሪት እንዲያ የላትም። ቡጢ የያዘ፣ ያደገ ወንድ ነው።

ሦስት ሳምንት እሷ ስል ከርሜ ለካ እሱ ነው። ርዕሱን ላስተካክል ብል መድረኩ አልፈቀደም። ልጁም 18ኛ ላይ መጥቶ ጋሼ ይቅርታ ብሎ ጻፈ፣ እሳቸውም ፕሌክሲፐስን ማወቁን አመሰገኑለት። ከዚያ በኋላ የክሩ ምርጥ ጠያቂ እሱ ሆነ።

19ኛው ሸረሪት እረፍት ካጣ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል ጠቆመ፤ ሲበርደው ይዘገያል፣ ሲሞቀው ይመለሳል። 20ኛዋ ጨካኝ አለችው። አፉን ሞልቶ የሚናገር እንስሳ ቢሆን አታደርገውም ነበር ብላ ብዙ ጻፈች። እኔ በሐቅ ሁለቱንም አይቻለሁ፣ ምክንያቱም ሞክሬዋለሁ። ሸረሪቱ ምንም አልሆነ። የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ቅቤ ልታወጣ ፍሪጅ የከፈተችው እናቴ ብልቃጡን ከነጌታው አገኘችው፣ ለሦስት ቀን ከዚያ ፍሪጅ የወጣ አልበላችም። 21ኛው መልሴ ይኼው ነበር፣ ሰዉ ሳቀብኝ።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ፣ ደስ በሚል ሁኔታ። 22ኛው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለሸረሪት ነው ብሎ ጀመረ። 23ኛው ሸማኔ ነው፣ ደሙ ፈላ። ተረቱ ስለ ሸማኔ ድር ነው፣ ድርና ማግ ከሚባለው። አንዱን ክር ሕፃን ይበጥሰዋል፣ ሲያብር ጋቢ ይሆናል፣ ጋቢ ደግሞ ሰው ያስራል። ሸረሪት አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ነው የምትሠራው፣ ከማን ጋር ታብራለች? 24ኛው ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማር ነው። የሸረሪት ክር በክብደቱ ከተመዘነ ከብረት እንደሚጠነክር አስልቶ፣ አንበሳ ማሰሩ ላይ የሚያስገርም ነገር አላየም። እኔ ለሸማኔው አደላሁ። ከማን ጋር ታብራለች የሚለውን ማንም አልመለሰለትም።

25ኛዋ የከሚሴ እናት ናቸው፣ አነጋገራቸው ልብ ያርሳል። ቁርኣን ውስጥ 29ኛው ሱራ በሸረሪት ስም እንደተሰየመ፣ ከቤቶች ሁሉ ደካማው የሸረሪት ቤት እንደሆነ እዚያ እንደሚገኝ ጻፉ። ነቢዩ ከመካ ሲሰደዱ ዋሻ ገብተው ሸረሪት ደጁን ስላደራችበት ታሪክም አነሱ፤ እሳቸው በዚያ ምክንያት ሸረሪት አይገድሉም። 26ኛው ዲያቆን ነው። ኢዮብ ምዕራፍ 8 ላይም የክፉ ሰው እምነት በሸረሪት ቤት መመሰሉን ጨመረ። ሁለቱ ተመራርቀው፣ ቡና ላይ እንዳሉ ሁሉ በረካውን ጠጥተው ተለያዩ። ወሎ ነዋ።

27ኛው፣ ያ ይቅርታ የጠየቀው ልጅ፣ በቤቱ ያገኛቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አራገፈ። 28ኛ ላይ መምህሩ አንድ በአንድ መለሱለት። ሽንት ቤት ጥግ ያለችው ባለረጅም እግር፣ ሲነኳት ድሯን ይዛ የምትንቀጠቀጠው፣ የፎልከስ ዘመድ ናት። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትዞራለች። ከሸረሪት ሁሉ መርዘኛዋ እሷ ናት፣ ጥርሷ አጥሮ ነው የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ፎቶ ስታነሳት መንቀጥቀጧን እስክትተው ጠብቅ። ከፎቶ ፍሬም ጀርባ እንደ ወረቀት ተጣብቃ፣ ፍሬሙ ሲነሳ በዐይን የማትያዘው ሴሌኖፕስ ናት። ግድግዳ ላይ ጥፍር የምታክል ባለብዙ ጫፍ ኮከብ የመሰለ ድር ያለባት፣ ራሷ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር የማትሞላው ኦይኮቢየስ ናት። ጉንዳን ስታገኝ ዙሪያዋን በሩጫ እየዞረች ትጠመጥማታለች። ጀርባዋ ጉብ ያለው፣ ቀስ ብላ የምትሄደው፣ 6 ዐይን ብቻ ያላት ስካይቶደስ ትባላለች። አብዛኛውን ጊዜ ድር አትዘረጋም፣ ከቅርብ ሙጫ ትተፋለች። ጉንዳን ናት ያላት አንዷ ደግሞ እግሯን ሲቆጥር 8 ሆነች፤ ሁለቱን የፊት እግሮቿን እንደ ጉንዳን አንቴና አንስታ የምታታልል ዘላይ ናት። የእኔ ቤት ይኼን ሁሉ ይይዝ ይሆን ብዬ ያን ማታ በባትሪ ዞርኩ። ፎልከስና ኦይኮቢየስ አገኘሁ፣ ሁለቱንም አልጋዬ ሥር።

29ኛው ባቲ ገበያ ዳር ያነሳውን አመጣ፤ ጸጉራም፣ ቢጫ፣ መንጋጋው የሚያስፈራ፣ ባለ 10 እግር የሚመስል። ሸረሪት እንዳልሆነ 30ኛዋ አረመችው። የግመል ሸረሪት ይባላል እንጂ ድርም መርዝም የለውም፣ ሁለቱ ትርፍ እግሮችም እግር አይደሉም፣ መዳሰሻ ናቸው። መንጋጋው ግን ይነክሳል፣ ጣትህን ሰብስብ።

31ኛው ኬንያና ኡጋንዳ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ ደም የጠጣች የወባ ትንኝ መርጣ የምትበላ ዘላይ ሸረሪት እንዳለች አንብቦ፣ ለኮምቦልቻ ብናስመጣ አለ። ኤቫርካ ኩሊሲቮራ ናት፣ እውነት ነው፣ ስሟ የወጣላት በ2003 ነው። 32ኛው ግን ቆጣ ብሎ፣ ከሌላ አገር እንስሳ አምጥቶ መልቀቅ ጨዋታ እንዳልሆነ፣ አጎበሩን እንዲዘረጋ ነገረው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ እስከ 33ኛው ድረስ ማንም አላስታወሰውም ነበር። ያስታወሰችው ነርሷ ናት። የእኔው ዘላይ ለልጅም ለአዋቂም አያሰጋም። ተጨፍልቆ ካልተጨነቀ አይነክስም፣ ቢነክስም ቀላል ነው። ልጠነቀቃት የሚገባ አንድ ብትኖር ቡናማዋ ላትሮደክተስ ናት። ወንበር ሥር፣ የቆየ ዕቃ ውስጥ፣ የብረት በር ጥግ ትገኛለች። ሆዷ ሥር ብርቱካናማ ወይም ቀይ የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ አለባት፣ የእንቁላል ከረጢቷም ዙሪያው እሾህ እሾህ ያለበት ኳስ ነው። እሱን ያየ እጁን ባዶውን አያስገባ። ነክሳ ሕመሙ ወደ ሰውነት ከተሰራጨ ወደ ሐኪም ቤት እንጂ ወደ አጥሚት አይኬድም።

34ኛው ለመጠን እንዲረዳ ሸረሪቱን ካሬ ደብተር ላይ አስቀምጦ ማንሳት፣ ካሬዋን ግን ቀድሞ በማስመሪያ መለካት እንደሚገባ መከረ። ናሙና ለማስቀመጥ አረቄ ይሆናል ወይ ብሎም ጠየቀ። መምህሩ ዳገም ቢሆንም አይደርስም፣ 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ነው የሚፈለገው አሉት፣ በ35ኛው። አረቄውን ምን እንዳደረገው አልነገረንም።

36ኛው የእኔ ነው። ለአረፋ እናቴ ጣሪያውን ስትጠርግ፣ ጥቀርሻውንም ድሩንም በረጅሙ መጥረጊያ ስታወርድ፣ የመስኮቱን ጥግ እንድትተውልኝ ለመንኳት። ተወችልኝ። እንዲያውም ትናንት ከሥራ ስገባ ሸረሪቷ ዝንብ ይዛ እንደዋለች ነገረችኝ። ወንድ መሆኑን ነግሬያታለሁ፣ ቡጢውንም በስልኩ አሳይቻታለሁ። አሁንም እሷ ነው የምትለው።